ጀበናዋን ይዤ ኪቦርድሽን ስለተውኩት

እህት ዓለሜ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን አራት ዓመት ጠፍቶ ደህና ነሽ ወይ ማለት ያሳፍራል። ይቅርታዬን ቶሎ ልበልና ልገላገል።

ኪቦርድሽ፣ ያ የምትጫወቺበት፣ የለም። «አለ፣ በአንሶላ ሸፍኜ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ያን ቀን ስትደውዪ እኔ ደብረ ብርሃን ነበርኩ፣ ኪቦርዱ አጣዬ ቀርቷል፣ ከቤቱ ጋር። ሚያዝያ 2013 አጣዬ ላይ የሆነውን ቃጠሎ አንቺም በዜና አይተሻል፣ አልደግመውም። ስንወጣ እማዬ የማርያምን ሥዕል ያዘች፣ እኔ ጀበና ያዝኩ። ጀበና! ደብረ ብርሃን ገበያ ጀበና የማይሸጥ ይመስል። ኪቦርዱ አጠገቡ ነበር። እጄ ለምን ወደ ጀበናው እንደሄደ ዛሬም አይገባኝም። ከዚያማ ታውቂዋለሽ፦ ውሸቱ እንዳይጋለጥ ስልክ አለማንሳት፣ ባለማንሳቴ ማፈር፣ ስላፈርኩ ደግሞ አሁንም አለማንሳት።

ተሳደቢ። ስትጨርሺ ግን ቀጥዪ፣ ጉዳይ አለኝ። አውቃለሁ፣ «ጉዳይ ሲኖራት ነው የምትጽፈው» ትያለሽ። ልክ ነሽ።

እዚህ አንድ ሆቴል የማታ ሪሴፕሽን ሆኛለሁ። ሎቢው ጥግ ላይ ፒያኖ አለ። እውነተኛ ፒያኖ፣ የእንጨት። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አንዱ እግሩ ስለተሰበረ ብሎኬት ተደርጎለታል፣ ከላዩ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። ከነጮቹ ቁልፎች አስራ አንዱ አይናገሩም፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ጥቁሮቹ ግን ሁሉም ይሠራሉ። ባሩ ሲዘጋ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ አበባውን አውርጄ እቀመጣለሁ። ባለቤቱ ሰምቶኝ ያውቃል። «እንግዳ እንዳትቀሰቅሺ» ብሎኝ ሄደ፣ በቃ።

እማዬም ትመጣለች። የተከራየነው ቤት አንድ ክፍል ነው፣ ብቻዋን እንቅልፍ አይወስዳትም። ጋቢ ደርባ፣ ከላዩ የመንዝ ባና ጨምራ፣ ሶፋው ላይ ኩርምት ትላለች። የቆላ ሰው ምን ታድርግ፣ ይሄ ብርድ አልለቃት ብሏል። አንቺ ያለሽበት አገር በረዶ ነው ብለሽ እንዳትኮሪብኝ፣ እናንተ ቤት ውስጥ ማሞቂያ አላችሁ። እዚህ በኅዳር ጠዋት ቧንቧው ጭምር ያኮርፋል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አንድ ሌሊት ስልኬ ላይ ፒያኖ ተጫዋቿን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ከፈትኩ። ያቺን ዜማቸውን፣ በእንግሊዝኛ ርዕሱ «ቤት የለሹ ተንከራታች» እንደማለት የሆነውን። እማዬ ፒያኖ የሚባል ነገር ሰምታ የምታውቅ ሰው አይደለችም። የምትሰማው በገና ነው፣ እሱንም በጾም። ዝም ብላ ቆየችና፦

«ይቺ ሰው ምን ጠፍቷት ነው የምትዞረው?» አለችኝ።

«መነኩሲት ናቸው፣ እማዬ» አልኩ፣ ሌላ የምለው ሲጠፋኝ።

«ድገሚልኝ እስቲ።»

ደገምኩ። ዓይኗን ጨፈነች። ቀኝ እጁ ሲወርድ «ይኸው፣ ከጓዳ ወጣች» አለች። ቆም ሲል «በረንዳው ላይ ቆመች»። ያ ትንሽ ትንሽ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ሲመጣ «ፓፓያው ሥር ሆነች፣ ነፋስ አለ»። ዜማው ዞሮ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ደግሞ «በሩን ዘግታ እንደሆነ ልታይ ተመለሰች። ረስታው ነው፣ አልዘጋችውም» አለች።

እህት ዓለሜ፣ የእኛን ቤት ነው የዞረችው። አራት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቤት አንድ ቃል ያልተነፈሰች ሴት! እኔ የወደቀ እስክሪብቶ የምፈልግ መስዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

የእማሆይን ታሪክ መጀመሪያ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ያኔ ግን ሌላ ሌላ ነበር የማስበው። አሁን እንደ አዲስ እያነበብኩት ነው። ገና በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ከተመለሱ በኋላ በ1929 ጣሊያን ከነቤተሰባቸው አሲናራ ወደምትባል ደሴት አጋዛቸው። ከነጻነት በኋላ ካይሮ፣ ኮንቶሮቪች የሚባለው የፖላንድ ሰው ዘንድ፣ ፒያኖና ቫዮሊን በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ከዚያ ለንደን ሄጄ ልማር ሲሉ አልተፈቀደላቸውም። ምግብ እስከ መተው፣ ሞት አፋፍ እስከ መድረስ። ከዚያ ግሸን ማርያም፣ አስር ዓመት፣ በባዶ እግር። ያለ ፒያኖ። እዚህ ላይ ስልኩን አስቀምጬ ጣቶቼን አየኋቸው። ኪቦርድሽ ከጠፋ ገና አራት ዓመቱ ነው፣ እኔ ደግሞ ዓለም የተደመሰሰ መስሎኝ ነበር።

ሰው ሁሉ «ብሉዝ ይመስላል»፣ «ጃዝ ነው» ሲል ያናድደኛል። ብሉዙ ከየት መጣ? ጎንደር ቁጭ ብለው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። ደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው ነው ልረዳቸው ብለው የተነሱት፣ በፈረንጆች 1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸውም ለችግረኛ ልጆች ነበር። ቀኝ እጃቸውን ስሚው። አንድ ኖታ ዝም ብሎ አይመታም፣ ዙሪያውን ተዟዙሮ ነው የሚያርፍበት። ደብተራ አንዷን ፊደል ይዞ እንደሚያወዛውዘው። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም ከፍቼ ልከተላቸው ሞከርኩ። ያ ዕቃ ተዋርዶ ቀረ። አንዴ ይፈጥናሉ፣ አንዴ መንገድ ላይ የሚያውቁት ሰው እንዳገኘ ሰው ይቆማሉ። አያለቅሱም ደግሞ። እሱ ነው የገረመኝ። ተሰደድኩ ብሎ የሚጮህ ነገር የለበትም።

ስለ ፖላንዱ የፒያኖ ደራሲ ስለ ቾፒን የነገርሽኝንም ለእማዬ ነገርኳት። በሃያ ዓመቱ፣ በፈረንጆች 1830፣ ከዋርሶ ወጥቶ እንዳልተመለሰ፣ ፓሪስ ሆኖ የአገሩን ጭፈራ በፒያኖ ሲጽፍ እንደኖረ፣ ሲሞት ልቡን ብቻ ወደ ዋርሶ ወስደው ቤተ ክርስቲያን ዓምድ ውስጥ እንዳኖሩት። በጣም አዘነች። «ልቡን ብቻ? ሌላውስ? ሰው የላቸውም እንዴ፣ አዋጥተው ሙሉውን አያመጡም?» አለች። ለሳምንት ያህል ትዝ ይላት ነበር፣ «ያ ልጅ» እያለች።

አሁን እማዬ ራሷ ትነካካለች። አዎ፣ አትሳቂ። ነጮቹን «የታመሙት» ትላቸዋለች፣ አትደርስባቸውም። ጥቁሮቹን ብቻ። ጥቁሮቹ አምስቱ ደግሞ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ናቸው፣ አንቺ ነሽ ያሳየሽኝ፣ የትኛውንም ብትነኪ አትሳሳቺም። በአንድ ጣት፣ ቡና እንደሚወቅጥ ሰው፣ ጠ… ጠ… ጠ…። ከዚያ ቆም ትላለች። ቀጥላ ትነካለች። ፓፓያው ሥር መድረሷን ፊቷ ላይ አየዋለሁ።

የምፈልገው ግራ እጁን ነው። ቀኙን በጆሮዬ እየለቀምኩ ነው፣ ግራው ግን አመለጠኝ። ቫልስ፣ ያ በሦስት ምት የሚዞረው ጭፈራ፣ መሰለኝ፣ ከዚያ ቫልስ አይደለም። ስልክሽን ፒያኖው ላይ አስቀምጪና ግራ እጅሽን ብቻ፣ ቀስ ብለሽ፣ ቅጂልኝ። በቴሌግራም ላኪው። እማዬ ከላይ በጥቁሮቹ ስትዞር እኔ ከሥር ልይዝላት ነው። ድምፁን ወደ ጥቁሮቹ እኔ አዛውረዋለሁ፣ ለዚያ አታስቢ። ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ ጠብቂኝ፣ እኔ አንቺን ካስጠበቅኩሽ አይበልጥም።

አንድ ሌላ ነገር ልነግርሽ ነበር፣ ተይው።

እሺ ልንገርሽ። አጣዬ የቤታችን ቆርቆሮ ተመቷል። አጎቴ ነው ያስመታው። በር ገና ነው፣ ግን ጣራ አለ። እማዬ ከፋሲካ በኋላ እንመለስ ትላለች። ማሾ ሊዘራ ነው ይላል አጎቴ፣ ቤትሽ ሳለ በሰው አገር ምን ታደርጊያለሽ ይላታል። ልክ ነው። ሸዋ ሮቢትን አልፎ ያ ሙቀት ፊትሽን ሲመታሽ ምን እንደሚመስል አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ግን መመለስ አልፈልግም። ይኸው ወጣልኝ። ለእማዬ አላልኩም፣ ለማንም አላልኩም። እዚህ ብርዱንም ለምጄዋለሁ፣ ጣርማ በር ላይ የሚነሳውን ጉም እወደዋለሁ፣ ይሄ እግሩ ብሎኬት የሆነ ፒያኖ አለኝ። ቻይና ካምፕ ያሉት ተፈናቃዮች መመለሻ አጥተው ድንኳን ውስጥ እየኖሩ፣ እኔ ጣራ ተመቶልኝ «አልሄድም» ስል አስቢው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እማሆይ ኢየሩሳሌም የገቡት በፈረንጆች 1984 ነው። እዚያው ገዳም ቆይተው በ2023 በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። እንግዲህ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው። ያን ሁሉ ዜማ ስሰማ መመለስ የሚፈልጉ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሌሊት ሌሊት ሳስበው እርግጠኛ አይደለሁም። አንቺስ? ጠይቄሽ አላውቅም እኮ። በየዓመቱ «ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ» ትይናለሽ፣ እኛም «እሺ» እንላለን፣ ማናችንም ቀን አንቆጥርም። መልስልኝ አላልኩሽም። ግራ እጁን ብቻ ላኪው።

እማዬ አሁን ሶፋው ላይ ተኝታለች። ሰላም በይልኝ ብላለች፣ ስለ ኪቦርዱ ደግሞ «እሷ ልጅ አትቀየምም» ትላለች። እኔ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

ጀበናዋ አለች። አንገቷ ላይ ትንሽ ተሰንጥቃለች፣ ግን ታፈላለች። ስትመጪ ያንቺ ናት፣ በኪቦርዱ ፈንታ። አውቃለሁ፣ አይመጣጠንም።

አንድ እንግዳ በር እያንኳኳ ነው፣ ልክፈትለት።

ያንቺው ውሸታም