ስለ ዋርሶ የወጣው ጽሑፍ እርማት ይሻል

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ የወጣው የጉዞ ጽሑፍ የፖላንድ ዋና ከተማ የሆነችውን የዋርሶን አሮጌ ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ሳይነካ እንደቆየ አድርጎ አቅርቦታል። ይህ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 በጀርመን ወራሪዎች ላይ የተነሣው ሕዝባዊ አመፅ ከከሸፈ በኋላ የጀርመን ጦር ከተማዋን እያቃጠለና በፈንጂ እያፈረሰ አወደማት። ዛሬ የሚታዩት ቤቶች ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩ ናቸው። ግንበኞቹን ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ቤርናርዶ ቤሎቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሣላቸው የከተማዋ ሥዕሎች ነበሩ። ንጉሣዊው ቤተ መንግሥትማ እንደገና መሠራት የጀመረው ገና በ1971 ነው! ዩኔስኮም አሮጌውን ከተማ በ1980 ሲመዘግብ ያደነቀው ይህንኑ ዳግም ግንባታ ነው።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ሙራኑፍ ስለተባለው የከተማዋ ሰፈር አንድ ቃል እንኳ አለመጻፉ ነው። ሰፈሩ ሲያዩት ተራ ነው፦ አበባ የተደረደረባቸው በረንዳዎች፣ ውሻ የሚያናፍሱ ሽማግሌዎች። ሆኖም ከሕንፃዎቹ ብዙዎቹ ከመንገዱ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ወደ በራቸው የሚደረሰው በደረጃ ነው። ከሥራቸው ያለው ጉብታ የተፈጥሮ አይደለም፤ ናዚዎች አይሁዶችን በአጥር ዘግተው ያኖሩበትና በኋላ ያወደሙት ሰፈር፣ የጌቶው ፍርስራሽ ነው። ያን ሁሉ ክምር ጠርጎ ማውጣት ስላልተቻለ ከላዩ ተገነባበት፤ ከተፈጨው ጡብም የግድግዳ ብሎኬት ተሠራ። የጌቶው አጥር ባለፈበት መሥመር ደግሞ 1940 እና 1943 የሚሉ ዓመታት የተቀረጹባቸው ብረቶች በእግረኛው መንገድ ላይ ተነጥፈዋል። ጸሐፊው ስለ ቡና ቤቶቹ ዋጋ ከዘረዘሩት ላይ ሁለት መሥመር ቀንሰው ለዚህ ቢሰጡ ምን ነበረበት?

እርማቱን በሚቀጥለው እትም እንደምታወጡት ተስፋ አደርጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ