የጽጌረዳ ቁራጭ በደብረ ብርሃን መቼ ይተከል?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የጓሮ አትክልት ገጽ አበባንና የቅመም ተክልን ከእናት ተክሉ ቆርጦ ስለ ማባዛት የወጣውን ምክር በደስታ አንብቤዋለሁ። ችግኝ ሁሉ በገንዘብ ይገዛ በሚባልበት በዚህ ጊዜ፣ ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ ለምኖ መትከል እንደሚቻል ማስታወሳችሁ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ቁራጩ ሐምሌ ላይ ይተከል የሚለው ምክር ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ደገኞች እንደማይሆን፣ በራሴ ከደረሰው ተነሥቼ ላስረዳ እወዳለሁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ዝናብ ብቻ ሳይሆኑ ብርድም ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎረቤቴ ቀይ ጽጌረዳ 20 ቁራጭ ወስጄ ሐምሌ መግቢያ ላይ በጓሮዬ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃማ አፈር ውስጥ ተከልሁ። ሦስት ሳምንት ያህል አረንጓዴ ሆነው ስለ ቆዩ፣ እንዲያውም አንዳንዶቹ ስላቆጠቆጡ፣ ጸደቁ ብዬ ነበር። በነሐሴ አንዱን ብነቅለው ግን ከታቹ ጠቁሯል፤ ልጣጩም በጣት ሲነካ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይላቀቃል። የቀሩትም አንድ በአንድ እንዲሁ አለቁ። ቁራጭ በመጀመሪያ የሚያቆጠቁጠው በግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ ስለሆነ ለምለም ቅጠል ሥር ለመስደዱ ማስረጃ አይሆንም፤ ሥር ለማውጣት ደግሞ ሙቀት ያለው፣ እርጥበትም አየርም የሚያገኝ አፈር ይሻል። ውኃ የቋጠረ ቀዝቃዛ መረሬ ይህን ሊሰጠው አይችልም።

ከዚያ ወዲህ የምተክለው ሚያዝያ ላይ ነው። በዚያ ወር ቀኑ ይሞቃል፤ ዋናው ዝናብ እስኪጠና ሁለት ወር ይቀራል፤ የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ደግሞ ተክሉ ከስድስት ወር በላይ የሞላው ይሆናል። አንድ ስንዝር የሚሆን፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ መርጬ፣ በአልኮል በተወለወለ ስለታም ቢላዋ ከአንጓው በታች አስጠግቼ እቆርጠዋለሁ። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ትቼ፣ ሁለት እጅ የታጠበ አሸዋና አንድ እጅ የተነፋ አፈር በተቀላቀለበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ታቹ ወደ ታች መሆኑን አረጋግጬ እስከ ግማሹ እቀብረዋለሁ፤ ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ አይጸድቅምና። ቆርቆሮው ከታች መበሳት አለበት። ትኩስ ፍግ አልጨምርበትም። ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ደፍቼበት፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝ የግድግዳ ጥግ አኖረዋለሁ፤ ቀን ቀን ክዳኑን እከፍትለታለሁ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በቀስታ ሳብ ሲያደርጉት እንቢ ካለ ሥር ሰዷል ማለት ነው።

ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠልም በዚሁ መንገድ ይባዛሉ። በተለይ የጥብስ ቅጠልን ከዘር ማብቀል እጅግ ትዕግሥት ስለሚፈልግ ቁራጩ ይሻላል።

ስለ እናት ተክሉም አንድ ቃል ልጨምር። ከአንድ ሻጭ የገዛኋቸው፣ ከጣርማ በር በታች ባለው ሞቃት አገር ያደጉ ችግኞች በመጀመሪያው ኅዳር ውርጭ መታቸው። የጎረቤቴ ጽጌረዳ ግን ስንት ኅዳርና ታኅሣሥ አሳልፏል። ከእርሱ የተቆረጠው ደግሞ ልጁ ሳይሆን ራሱ እርሱ ነው፤ ከዘር እንደሚበቅለው ጠባዩ አይለወጥም። በዚያው ልክ የእናቱን በሽታ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ቅጠሉ ነጠብጣብ ካወጣ ወይም ነጭ ዱቄት ከለበሰ ተክል መቁረጥ አይገባም።

ምክራችሁ ስሕተት ነው ማለቴ ግን አይደለም። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ ላይ የተተከለ ቁራጭ በሙቀቱ ሊደርቅ ስለሚችል ሐምሌ ይመረጥ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ፊት የመትከያ ወር በምትጽፉበት ጊዜ ለደጋው፣ ለወይና ደጋውና ለቆላው ለየብቻ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሚቀጥለው ሚያዝያ ሳይደርስ ቢታተም ደግሞ ለብዙ ጓሮ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን