ይድረስ ለአባቴ፦ «ጠፉ» ስለተባሉት ቁጥሮችና ስለ መምህራን

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ የጠየቁኝ ጉዳይ በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። አዲሶቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች የእግዚአብሔርን ቃል ቀንሰዋል፣ ከአንዱ ትርጉም በቀር ሌላው ሁሉ የሰው እጅ ያበላሸው ነው የሚለው የዚያ መምህር ትምህርት ልብዎን እንዳወከው ገብቶኛል። ቃሉን የሚወድ ሰው ይህን ሰምቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ደግነቱ ነገሩን መጽሐፉን ገልጠው ራስዎ ሊያዩት ይችላሉ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ይመልከቱ። በብዙ አዳዲስ ትርጉሞች ከቁጥር 36 ቀጥሎ 38 ይመጣል። ማቴዎስ 17፥21፣ ማቴዎስ 18፥11፣ ማርቆስ 9፥44 እና 46ም እንደዚሁ ናቸው። ተርጓሚው ሊደብቅ አስቦ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን አስተካክሎ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ቦታውን ክፍት ትቶ፣ ቃሉን አብዛኛውን ጊዜ ከገጹ ግርጌ በማስታወሻ ያስቀምጠዋል። የሚሰርቅ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ቁጥሩ ለምን ዘለለ? ሐዋርያት ሲጽፉ ቁጥር አላስገቡም። ዛሬ የምናውቀው የአዲስ ኪዳን ቁጥር የመጣው ሮበርት ኤስትየን የተባለ ፈረንሳዊ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1551 ካወጣው የግሪክኛ እትም ነው። እሱ የቆጠረው በዘመኑ የነበረውን የታተመ ጽሑፍ ነው፤ ያ ጽሑፍ ደግሞ በአመዛኙ ኢራስመስ የተባለ የሆላንድ ሊቅ በ1516 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ካሳተመው የግሪክኛ አዲስ ኪዳን የወረደ ነው። ኢራስመስ እጅ ላይ የነበሩት የግሪክኛ ብራናዎች ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም ዘግይተው የተገለበጡ ናቸው። ለዮሐንስ ራእይ የነበረው አንድ ብራና ብቻ ሲሆን የመጨረሻው ቅጠል ስለጎደለው የመጨረሻዎቹን ስድስት ቁጥሮች ከላቲኑ ወደ ግሪክኛ መልሶ ተረጎማቸው። በ1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ በሰማይ ስላሉት ሦስት ምስክሮች የሚናገረውን ቃልም በመጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞች አላስገባውም ነበር፤ ቃሉ ያለበት አንድ የግሪክኛ ብራና ሲቀርብለት በ1522 በሦስተኛው እትም ጨመረው። ይህን የምጽፈው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። ባለው ነገር ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉት ሁለቱ ታላላቅ ብራናዎች፣ በቫቲካን ያለው ቫቲካኑስና ከሲና ተራራው የቅድስት ካትሪን ገዳም የወጣው ሲናይቲከስ፣ በሚገባ የተመረመሩት ከኢራስመስ ዘመን በኋላ ነው። «ተቀነሰ» የሚባለው አብዛኛው ቃል በእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ማን ቀነሰው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ማን ጨመረው?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

በእጅ ሲገለበጥ ሁለቱም ይደርሳል። ገልባጩ ማርቆስን እየጻፈ የማቴዎስ አባባል በቃሉ ስላለ ሳያውቀው ያስገባዋል። አንዱ ኅዳግ ላይ የጻፈውን ማብራሪያ፣ ተከታዩ ተዘልሎ የቀረ መስሎት ከቃሉ ጋር ይቀላቅለዋል። መቀነስም አለ፤ ሁለት መስመሮች በአንድ ዓይነት ቃል ሲያልቁ ዓይን ከላይኛው ወደ ታችኛው ይዘልና መካከሉ ይቀራል። በቁጥር በሚበዙት ብራናዎች ውስጥ የሚገኘውን ንባብ የሚደግፉ ምሁራን ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ስታነብበው የኖረችው ይህን ነው ይላሉ፤ የሚናቅ ክርክር አይደለም። እኔ ግን ብራና መመዘን እንጂ መቆጠር የለበትም ከሚሉት ጋር ነኝ፤ አንድ ስህተት ያለበት ቅጂ መቶ ጊዜ ቢገለበጥ ምስክሩ ያው አንድ ነውና።

ደግሞስ ምን ጎደለ? የማቴዎስ 18፥11 ሐሳብ ሉቃስ 19፥10 ላይ አለ። የማርቆስ 9፥44 እና 46 ቃል ቁጥር 48 ላይ አለ። ረጃጅሞቹ ክፍሎች ሁለት ናቸው፤ ማርቆስ 16፥9-20 እና ዮሐንስ 7፥53–8፥11። እነሱም በአብዛኞቹ ትርጉሞች በቅንፍ ወይም በማስታወሻ ታጅበው እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው።

በእንግሊዝኛው የኪንግ ጀምስ ትርጉም ብቻ ለሚምሉትም አንድ ነገር ማለት ይገባል። የ1611 ተርጓሚዎች ራሳቸው በኅዳጉ ላይ «እንዲህም ሊነበብ ይችላል» የሚሉ አማራጮችን አስፍረዋል፤ በመቅድማቸውም የትርጉም መብዛት ሐሳቡን ለማግኘት እንደሚጠቅም ጽፈዋል። ለሥራቸው የማይጠይቁትን ሥልጣን ሌላ ሰው እንዴት ይሰጣቸዋል? ጠቡም አዲስ አይደለም። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን አፍሪካ በኦኤያ ከተማ፣ ጄሮም የተባለው ሊቅ ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን የተረጎመው የዮናስ መጽሐፍ ሲነበብ ሕዝቡ የለመደው ቃል ተቀይሮ በመስማቱ ታወከ፤ ጳጳሱም ያለ ምእመናን ሊቀር ምንም አልቀረው። በዚያው በሰሜን አፍሪካ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ይህንኑ ለጄሮም ጽፎለታል።

አሁን ወደ መምህራኑ ልምጣ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። «እኔ ሰው አልከተልም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ይበቃኛል» የሚል ሰው በእጁ የያዘው መጽሐፍ በእያንዳንዱ መስመር የተርጓሚዎችን ፍርድ ተሸክሟል። ከሰው መምህር ማምለጥ አይቻልም። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ፤ ፊልጶስም አልገሠጸውም፣ ሠረገላው ላይ ወጥቶ አስተማረው። «ማንም ሊያስተምራችሁ አያስፈልጋችሁም» የሚለውን 1ኛ ዮሐንስ 2፥27ን የሚጠቅሱ ሰዎች ከፍ ብለው ቁጥር 26ን ቢያነቡ፣ ዮሐንስ የሚናገረው ስለሚያስቱ ሰዎች መሆኑን ያያሉ። ደብዳቤው ራሱ ትምህርት ነው። ኤፌሶን 4፥11 ደግሞ አስተማሪዎችን ከክርስቶስ ስጦታዎች ይቆጥራቸዋል።

ስጦታ ነው ማለት ግን አይመረመርም ማለት አይደለም። የቤርያ ሰዎች የመረመሩት ጳውሎስን ነው፤ ሉቃስም በሐዋርያት ሥራ 17፥11 ልበ ሰፊዎች ብሎ አመሰገናቸው። ሐዋርያ ከተመረመረ የዛሬ ሰባኪ የማይመረመርበት ምክንያት የለም። እኛ በአበው ትርጓሜ እንመራለን የሚሉ ክርስቲያኖችም ከዚህ አያመልጡም፤ አንድ ሰባኪ «አበው እንዲህ አሉ» ሲል የትኛው አባት፣ የት ቦታ እንዳለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለዚህ ያን መምህር ሲሰሙ እንዲህ ያድርጉ። ጥቅሱን ሲጠራ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከበላዩና ከበታቹ አሥር አሥር ቁጥር ያንብቡ፤ ብዙ ስህተት የሚጋለጠው እዚያው ነው። ቀጥሎ ያንኑ ክፍል በሁለት ትርጉም ያስተያዩ፤ አንዱ ቃል በቃል የሚጠጋ፣ ሌላው ሐሳቡን በዘመኑ ቋንቋ የሚገልጽ ይሁን። ሁለቱ ከተስማሙ ይለፉት። ከተለያዩ የግርጌ ማስታወሻውን ይዩ፤ ልዩነቱ የብራና ነው ወይስ የአተረጓጎም? እነዚህን ሁለቱን አደባልቆ የሚያስተምር ሰው ሕዝብን በከንቱ ያስጨንቃል። የመጽሐፉን መቅድምም አይዝለሉ፤ ከየትኛው ቋንቋ፣ በአንድ ሰው ወይስ በብዙ ሰዎች እንደተተረጎመ እዚያ ይገኛል። መቅድም የሌለው ከሆነ እንደ ዋና መጽሐፍ አይያዙት።

መምህሩንም በአክብሮት ይጠይቁት። «ይህን ከየት አገኘኸው?» ሲባል ቦታውን ካሳየዎት፣ ወይም «አላውቅም፣ አይቼ እመለሳለሁ» ካለ፣ ከእሱ መማርዎን ይቀጥሉ። ጥያቄውን እንደ እምነት ማጣት ከቆጠረብዎት ግን፣ አባቴ፣ በዚህ ጉዳይ አይስሙት።

ማስታወሻው በደቃቅ ፊደል ስለሚታተም ለዓይንዎ ያስቸግራል። የሚያጠራጥርዎትን ምዕራፍና ቁጥር ብቻ በወረቀት ይያዙልኝ፤ ስደውል አንድ በአንድ እናነባቸዋለን። በሐዋርያት ሥራ 8 እንጀምር።

አክባሪ ልጅዎ