የባቡር ጣቢያው ደረጃ እና ተሳፋሪው
ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጉዳዬ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጣቢያዎች ለአካል ጉዳተኞች ያላቸው ምቹነት ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር በከፊል በድልድይ ላይ፣ በከፊልም በአውራ መንገድ መካከል ስለሚያልፍ፣ ለብዙዎች ከጉዞው ይልቅ ጣቢያው መድረስ ይከብዳል፤ ከፍ ባሉት ጣቢያዎች ሊፍት ካልሠራ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ወይ ተሸከሙኝ ብሎ መለመን ወይ መመለስ ግድ ይሆንበታል። ነፍሰ ጡሯም፣ ጉልበቱን የሚያመው አዛውንትም የሚወጡት ያንኑ ደረጃ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ስላዘዘ፣ ነገሩ የበጎ ፈቃድ (ወይም የርኅራኄ) ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ ለሊፍት ጥገና ራሱን የቻለ በጀት ይያዝ፤ እስኪጠገንም ድረስ፣ ሊፍቱ የማይሠራበት ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ተሳፋሪው ትኬት ከመቁረጡ በፊት በጽሑፍም በድምፅም ይነገረው።

የዘወትር ተሳፋሪ፣ ከአዲስ አበባ