ስለ ወርቃማው ሸክላና ስለ ማጫወቻዎቻችን ፍጥነት

የተከበራችሁ የደብረ ብርሃን የድምፅ መሣሪያ ወዳጆች፣

ባለፈው የቡና ጨዋታችን ላይ «ከምድር እጅግ ርቆ የሄደው የሙዚቃ ሸክላ የትኛው ነው?» ተብሎ ለተነሣው ክርክር መልሱ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 በሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች ላይ ተጭኖ ወደ ጠፈር የተላከው፣ በወርቅ የተለበጠው የመዳብ ሸክላ ነው። የላኩት ሰዎች መርፌውን ጭምር አብረው አኑረው፣ አጠቃቀሙን በሽፋኑ ላይ በሥዕል ቀርጸውለታል፤ ለማያውቁት አድማጭ ይህን ያህል መጨነቃቸው እኔን በእጅጉ ያስደስተኛል።

ሸክላው የሚዞረው በደቂቃ 16⅔ ጊዜ ብቻ ነው። የብዙዎቻችን ማጫወቻ ግን 33⅓ እና 45 ብቻ ስላለው፣ በዚያው ፍጥነት የተቀረጸ ቅጂ ብናገኝና በ33⅓ ብናጫውተው ዜማው በእጥፍ ይፈጥናል፤ ድምፁም በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከ«ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያህል፣ ይቀጥናል። «ማንኛውም ማጫወቻ ይበቃዋል» ላላችሁ ወንድሞች መልሴ ይኸው ነው።

የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እንደ እኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ያሳተማቸው ትናንሽ የአማርኛ ሸክላዎች ግን ለ45 የተሠሩ በመሆናቸው አያስቸግሩንም። ስለዚህ በእጃችሁ ያሉትን ለሚቀጥለው ስብሰባ አቧራቸውን ጠርጋችሁ፣ ከነልባሳቸው እንድታመጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።