ከፍዬ ያየሁት አረም

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጫማዬ ብቻ ገና አልደረቀም።

እንደሚሥቁብኝ ባውቅም ልንገርዎ። ባለፈው እሑድ ገንዘብ ከፍዬ አረም ሳይ ዋልኩ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ የመስከረምን አበባ በእግር እየተዘዋወሩ ለማየት ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ሃያ ሁለት ነበርን። ዕንቁጣጣሽ አልፏል፣ ዝናብም አብሮ አልፏል ብለን ጃንጥላ የያዝነው ጥቂቶች ነን። ከከተማ ሳንወጣ ያዘንና እስክንመለስ አልለቀቀንም። አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ወርደን ገፋነው፤ ለዚህም ነው የከፈልነው።

ከደኑ አፋፍ ያለው መስክ ቢጫ ብቻ ነው። አንዲት ባልደረባዬ እቅፍ ሙሉ ቀጥፋ «አደይ አበባ!» እያለች ፎቶግራፍ ስትነሣ ጠጋ ብዬ ባየው መጭ ሆኖ አገኘሁት። ያ ነሐሴ በመጣ ቁጥር ከጤፉ መካከል ሲያስነቅሉኝ የኖሩት መጭ! ዝም ማለት አቃተኝ። «ቅጠሉን ዳስሺው፣ ይሻክራል። የአደይ ቅጠል የተሸነሸነ ነው፤ ይህ ግን አንድ ወጥ ነው» አልኳት። አስጎብኚው ሣቀና ሳይንሳዊ ስሙም «ሻካራ» ማለት እንደሆነ፣ የኑግም የቅርብ ዘመዱ እንደሆነ ነገረን። የአደይ ዘመድ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሱሪያችን ላይ ሲሰካ የሚውለው የሰይጣን መርፌ! እርስዎ «መጭን የሚያውቀው ዓይን ሳይሆን እጅ ነው» ይሉኝ የነበረው ትዝ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም እኔን መጠየቅ ጀመረ። ቀጋውን፣ ኮሶውን፣ ማገጡን ነገርኳቸው። ከጅረቱ ዳር ስለበቀለች አንዲት ሐምራዊ አበባ ሲጠይቁኝ ግን «ስሟን ረሳሁት» ብዬ ዋሸሁ። እውነቱን ለመናገር ከብት የማይበላውን ነገር ስም ነግረውኝ አያውቁም።

ዝናቡ ሲበረታ ጽድ ሥር ተጠለልን። አስጎብኚው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እዚህ አስተክለዋል ይባላል አለ። ከወፍ ዋሻ፣ አባባ! እርስዎ በልጅነትዎ ከብት ከጠበቁበት ከቤታችን በላይ ካለው ደን። የአገሬን ልጅ እንዳገኘ ሰው ግንዱን ተደግፌ ቆምኩ፤ እሱ ግን ማጅራቴ ላይ ውኃ ከማንጠባጠብ አልተመለሰም።

ለመስቀል እመጣለሁ፤ ደመራው ሳይለኮስ እደርሳለሁ። የታችኛው ማሳ ድንበር ላይ ያለውን መጭ እባክዎን እስከዚያ አይንቀሉት። ለጉልበትዎ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ያቺ ባልደረባዬ አብራኝ ልትመጣ ነውና መጭን ከነማሳው ላሳያት ቃል ገብቻለሁ። እማዬ ጥያቄ እንዳታበዛባት አደራ።

ልጅዎ