ስለ ጊታርህ

ጀለሴ እንዴት ነህ? ስሜን ስታይ መቼም "ይሄ ሰውዬ በህይወት አለ እንዴ" ሳትል አትቀርም። ልክ ነህ፣ አራት አመት ሊሞላ ነው፣ ደውለህ አላነሳሁም፣ እንኳን አደረሰህ እንኳን አላልኩህም። ምክንያት አለኝ ግን አሁን ከሱ ከጀመርኩ ወሬው ይበላሽብኛል፣ ቆይ።

አሁን ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሜ ስወጣ ጉልበቴ ምን እንደሚለኝ አትጠይቀኝ። ነፋሱ ለጉድ ነው። ልጅ ወልጃለሁ ደግሞ፣ ሴት፣ ሁለት አመቷ። እሱን ሌላ ቀን በሰፊው እፅፍልሃለሁ።

ዛሬ የምፅፍልህ በሌላ ነገር ነው። ከብሎካችን ጀርባ ኮሚናሏ አለች፣ ለበአል በግ የሚታረድባት፣ ሴቶቹ በርበሬ የሚያዘጋጁባት። አራት ልጆች እዛ ገብተው ሮክ ይጫወታሉ። ሮክ! ድራሙ ግማሹ የቀለም ባልዲ ነው፣ ያለቻቸው አንድ ቦክስ ጊታር ናት፣ ማይክ ቀዳዳዋ አጠገብ አስረው ከትልቅ የሰርግ ስፒከር ጋር አገናኝተዋታል። የመጀመሪያ ቀን ልጄን ቀሰቀሱብኝና ልሳደብ ወረድኩ። ስደርስ አስር አስራ አንድ የሚሆኑ የሰፈር ልጆች ብሎኬት ላይ ቁጭ ብለው ግጥሙን ከላይ እስከታች አብረው ያወርዱታል። አስበው፣ የትም ያልወጣ ዘፈን ነው! ከየት አወቃችሁት ስላቸው በስልክ ቀድተው በቴሌግራም ይቀባበሉታል፣ አንዱ የታክሲ ረዳትማ ቃሊቲ ድረስ ይከፍተዋል አሉኝ። ባንዱ ስም እንኳን የለውም፣ ሰው በብሎክ ቁጥራቸው ነው የሚጠራቸው። ስድቡ እዛው ቀረ፣ እኔም ብሎኬት ፈልጌ ቁጭ አልኩ።

አንተ ትዝ አልከኝ። ያቺ ፍላሽህ! ሚሊኒየሙ ሰሞን ከኢንተርኔት ቤት ሞልተህ አምጥተህ ሌሊቱን ሙሉ አርክቲክ ሞንኪስ ስለሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ስትሰብከኝ ያደርክባት። እኔ እኮ ሼፊልድ የሚባል ከተማ መኖሩን ያወቅኩት ካንተ ነው። ልጆቹ ከሼፊልድ ዳር ሃይ ግሪን ከሚባል ሰፈር ናቸው አልከኝ፣ የሼፊልድ ቱሉ ዲምቱ በለው። ዘፋኙ አሌክስ ተርነርና ድራመሩ ማት ሄልደርስ ጎረቤት፣ በፈረንጆቹ 2001 ገና ላይ ለተርነር ጊታር ተገዝቶለት ሲጫወት መጀመሪያ የሰማውም ያው ሰፈሩ ነው። 2002 ላይ ባንድ ሆኑ፣ በ2003 ሰኔ ግሬፕስ የምትባል መጠጥ ቤት ውስጥ መጀመሪያ መድረክ ላይ ወጡ። ከዛ ዲሞአቸውን፣ ለሙከራ የቀዷቸውን ዘፈኖች፣ በሲዲ እያባዙ ለመጣው ሰው በነፃ ያድሉ ነበር፣ ሲዲው ቶሎ ቶሎ ያልቅባቸዋል፣ ያገኘው ላላገኘው እየገለበጠ ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል። አንተን በጣም ይገርምህ የነበረው ደግሞ አልበም ሳይኖራቸው ህዝቡ ዘፈኑን አብሯቸው መዝፈኑ ነው፣ እኔ ግን ትንሽ ታጋንናለህ ብዬ ነበር፣ አሁን ኮሚናሏ በር ላይ አየሁት።

ጋዜጠኞቹ ከዛ በኋላ "ማይስፔስ የፈጠራቸው ባንድ" አሏቸው፣ ማይስፔስ ያኔ እንደ ፌስቡክ ያለ ዌብሳይት ነበር። ኧረ ባካችሁ! ፔጁን የከፈቱት አድናቂዎቹ ናቸው፣ ልጆቹ እኮ ማይስፔስ ምን እንደሆነም አያውቁም ነበር። የፈጠራቸው ሲዲውን ለጓደኛው ያቀበለ ሰው ነው እንጂ ዌብሳይት አይደለም፣ በዚህ ነገር ከማንም ጋር እከራከራለሁ። 2005 ላይ ዶሚኖ ከሚባል ትልቅ ካልሆነ የሙዚቃ ካምፓኒ ጋር ፈረሙ፣ በዛው አመት ጥቅምት የመጀመሪያ ሲንግላቸው እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ፣ በ2006 ጥር አልበሙ በአንድ ሳምንት ብቻ ከ360 ሺህ ኮፒ በላይ ተሸጠ። ዘፈኖቹ ግማሽ በግማሽ በነፃ ሰው እጅ ገብተው ያለቁ ናቸው እኮ! በነፃ የሰጠ ይከስራል የሚለው ማነው?

አንድ ነገር ግን ያኔ ዘለህብኛል፣ ሆን ብለህ ይሁን ረስተኸው እንጃ። ቤዝ የሚመታው አንዲ ኒኮልሰን፣ አብሯቸው የጀመረው ጓደኛቸው፣ በዛው በ2006 ከባንዱ ወጣ። አልበሙ ያን ያህል በተሸጠበት አመት! ይሄን በቅርቡ አንብቤ እኛን አሰብኩ፣ እኛ ደግሞ አንድ ዲሞ እንኳን ሳንሰራ መጠፋፋታችን።

እሺ፣ አሁን ምክንያቱን ልንገርህ። ዱባይ ስትሄድ "አደራ" ብለህ የሰጠኸኝን ጊታር ሸጥኩት። ቤቱን ስንረከብ የውስጥ በር የለው ሴራሚክ የለው፣ ብር ጎደለኝ፣ ፒያሳ ወስጄ በ8 ሺህ ብር ሰጠሁት። አንተ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ጊታሩ እንደሆነ ስለማውቅ ስልኩ ሲጠራ ፊቱን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ጊታርህ አሁን የሳሎኑ ወለል ሆኗል፣ ግማሹ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው። ባለቤቴ እዛ ጋር ውሃ ሲፈስ ለምን እንደምቆጣ አይገባትም። ሳይሸጥ የቀረው ማንጠልጠያው ብቻ ነው፣ እሱን ለኮሚናሏ ልጅ ሰጠሁት፣ ጊታሯን በጫማ ክር ነበር አንገቱ ላይ ያሰራት፣ ስሰጠው ያንተ መሆኑን ነግሬዋለሁ።

ብሩን ቀስ ብዬ እከፍልሃለሁ፣ ተሳደብ ከፈለግክ፣ አሁን አነሳለሁ። ግን የሚመጣ ሰው ካለ የቦክስ ጊታር ክር ላክላቸው በናትህ፣ ሁለቱ ቀጫጭኖቹ ከተበጠሱ ወር አለፋቸው፣ በአራት ነው የሚጫወቱት። ትናንት የቀዳሁትን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። መጀመሪያው ላይ አርባ ሰከንድ የበግ ድምፅ ነው እሱን እለፈው። ባትወደውም ለአንድ ሰው ፎርዋርድ አድርገው።